የገዳሙ ቮልስ

ገዳሙ የሞተው በበቅሎ ነው። ረግጣው አይደለም፤ ገጭቷት ነው። ከሮብ ገበያ ወደ ደብረ ማርቆስ በአሮጌ ቮልሱ ሲወርድ እንዳላማው የሚነዳትን በቅሎ ገጨና እግሯን ሰበረ። ወርዶ «ጥፋቱ የኔ ነው» ቢል ነገሩ በሽማግሌ ያልቅ ነበር። እሱ ግን ከመሪው ሳይነሳ በመስኮት ብቅ ብሎ «በቅሎህን መንገድ አስተምራት» አለው። እንዳላማው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደና በበሩ ላይ ተኮሰ። ጥይቷ ቆርቆሮውንም የገዳሙንም ጎን በሳች። ገዳሙ መሪው ላይ ተደፋ፤ ደረቱ ክላክሱን ተጭኖት ኖሮ መኪናዋ ሰው እስኪደርስላት ስትጮህ ቆየች። ቤታቸው ከመንገዱ በላይ ነበርና ጩኸቱን ሰምተው ወርደው ከመሪው ያነሱት አባቱ አቶ ገብረ ኪዳን ናቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ጆሯቸው እየደከመ ሄደ፤ አሁን ካልጮኹባቸው አይሰሙም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? በአንዲት ቀልድ ሁለት ቤት ፈረሰ።

እንዳላማው ታሰረ፣ ጊዜውን ጨርሶም ወጣ። ጣጣው የመጣው መውጣቱ ላይ ነው። ያኔ የገዳሙ ታናሽ ወንድም መሳፍንት ጢሙ ሞልቶ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኗል። አገሬው ግን ሥራውን መች አየለትና! ዓይን ዓይኑን ነው የሚያየው፤ ደሙን መቼ ይመልስ ይሆን እያለ። እንዲህ ነን እኛ፤ ሰው ሲገደል እናለቅሳለን፣ ሰው ሳይገድል የቀረውን ደግሞ እናማለን። መሳፍንትም አድብቶ ያውቃል። አንድ ጊዜማ እንዳላማው ጀርባውን ሰጥቶ ከምንጭ ውሃ ሲጠጣ ጣቱ ቃታው ላይ ደርሶ ነበር። ለምን እንደተወው ለራሱም አልገባውም።

ነገሩን የያዙት የቅኔው መምህር መሪጌታ አምደሚካኤል ናቸው። እንዳላማውን ድንጋይ አሸክመው ቤተ ክርስቲያን ደጅ አመጡት፤ አቶ ገብረ ኪዳንም ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ካንገቱ አወረዱለት። ዕርቁ እንዲጸና የመሳፍንት እህት ማርያማዊት ለእንዳላማው ታናሽ ወንድም ለፍቅረ ሥላሴ ተዳረች። ትወጂዋለሽ ወይ ያላት የለም። ሄደች፤ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ባሏም ክፉ ሰው አልሆነባትም። መሳፍንት ግን ቀንም ሌትም አንድ ነገር ያውቃል፤ እሱ ቢተኩስ ጥይቱ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። ዕርቁ እስካለ ድረስ እህቱ የቤቷ እመቤት ናት። ከፈረሰ ግን በጠላት ቤት የተቀመጠች የጠላት ልጅ ትሆናለች።

ዕርቅ ደግሞ በመሐላ ብቻ አይኖርም፤ ባለመስማትም ጭምር ነው። ጠላ ቤት አንዱ ይሰክርና ክፉ ቃል ይወረውራል። መሪጌታ ይጠሩና «ማን ሰማ?» ይላሉ። ማንም አልሰማም፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። በዚህ ዘዴ ስንቱ ቃል ተቀበረ፣ ስንቱ ሰው ከሞት ተረፈ።

ቮልሷ ጓሮ ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ የዶሮ መጠለያ ሆና ነበር። ሰው «የሬሳ መኪና» ይላታል። ሚሊኒየሙ ባለፈ በዓመቱ መሳፍንት ጎትቶ ወደ ጋራዡ ወሰዳት። ቴፕ ሊገጥምላት ነው፤ ያውም የዘመኑን፣ መስታወት የሚያንቀጠቅጠውን። ለሙሽራ አከራያታለሁ ይበል እንጂ እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። መኪናዋ ስታልፍ ሰው ስለ ዘፈኗ እንዲያወራ ነው የፈለገው። ስለ ደሟ ሲወራ መስማት መሮታል።

ሥራው ድብድብ ነበር። መኪናዋ ባለ ስድስት ቮልት ናት፤ የዘመኑን ቴፕ ተዉትና የራሷን መብራት በቅጡ አትችልም። ዲናሞውን ነቀለ፣ ባትሪውንና አምፖሉን ሁሉ ቀየረ፣ ወደ አሥራ ሁለት ቮልት መለሳት። ፍላሽ የሚያነብ ቴፕና የማይክ መሰኪያ ያለው አምፕሊፋየር ገዛ። ስፒከሩ የሚገባው ግን በሩ ላይ ነው። የሾፌሩን በር ልባስ ሲገነጥለው የጥይቷ ቀዳዳ ዝጎ አፍጥጦ ጠበቀው። ፌሮ መጋዙን እዚያው ቀዳዳ ውስጥ አስገባና መቁረጥ ጀመረ። በእርጋታ ነበር የጀመረው። ቆርቆሮው ሲጮህ ንዴቱ መጣበትና እንደ እብድ ገዘገዘው፤ መጋዙ አዳልጦ መዳፉን ሸረከተው፣ ደሙ በሩ ላይ ወረደ፣ እሱ ግን ክቡን ሳይጨርስ አልቆመም። ወንድሙን የበላውን ቀዳዳ ቆርጦ ጣለው። የውጭውን በስቱኮ ደፈነ፣ በውስጡ ስፒከሩን በብሎን አሰረ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ዘፈኑን ሲከፍተው የጋራዡ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። አቶ ገብረ ኪዳን ዱላቸውን ተመርኩዘው ቀረቡና መዳፋቸውን በሩ ላይ ጫኑ። ፊታቸው ሲበራ መሳፍንት አየ። እያንዳንዱ ቃል ይሰማቸዋል! ገዳሙ ከሞተ ወዲህ ሲስቁ ያያቸው ያን ቀን ነው። እሱም በሕይወቱ መልካም ነገር የሠራ መሰለው፤ ምስኪን።

የፍቅረ ሥላሴ የመጨረሻ ወንድም ሊያገባ ሲሆን ማርያማዊት ላከችበት። ሙሽራዋን በቮልሷ ይዘህ ና፣ አባባንም ከጎንህ አስቀምጥ፣ ሰው ይየን አለች። ቃሏን እምቢ ማለት አልቻለም። ሙሽራዋን አጅበው ወደ ሮብ ገበያ ሲወጡ ገዳሙ በወደቀበት ቦታ አለፉ። መሳፍንት ድምፁን እስከመጨረሻው ጨመረው። አባቱ ወደ ቦታው አላዩም፤ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ወደፊት ብቻ አዩ።

መሪጌታ አምደሚካኤል ከዳሱ በር ላይ ቆመው ጠመንጃ ይረከባሉ። የሁለቱም ወገን ሰው ሰጥቶ ገባ። የአቶ ገብረ ኪዳን ጠመንጃ በጋቢ ተጠቅልሎ እግራቸው ሥር ነበር። እንኳን መሪጌታ ማንም፣ ልጁን የቀበረ ሽማግሌ ይፈተሽ የሚል ፊት አልነበረውም። እሳቸውም ደክሟቸው ስለነበር ከመኪናዋ ሳይወርዱ፣ ሁለቱ በሮች ተከፍተው፣ ዘፈኑን እየሰሙ ጠላቸውን ይጠጡ ጀመር።

እንዳላማው መጣ። ከእስር ቤት ወዲህ አረቄ እንጂ ሰው የማይቀርበው፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ሆኗል። የአቶ ገብረ ኪዳንን ጉልበት ስሞ ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እንግዶቹን ላመስግን ብሎ ማይኩን ጠየቀ። ማይኩን ያቀበለው መሳፍንት ነው። አዎ፣ በገዛ እጁ! ሰው እያየ፣ ፈገግ ብሎ፣ የወንድሙን ገዳይ ማይክ አስያዘው። ማርያማዊት ልጇን አዝላ ከዳሱ ደጃፍ ስታየው በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች።

እንዳላማው አመሰገነ። ሙሽራውን መረቀ። ከሸለቆው ማዶ የገዛ ድምፁ ሲመለስለት ደነገጠ፤ ቀጥሎ ደስ አለው። ከዳሱ ውስጥ አንዱ «በለው!» አለ። ይህቺ ቃል ናት የፈጀችን። ለጎጃም ሰው «በለው» ከተባለ፣ ያውም አረቄ ላይ፣ አገሩ ሁሉ የሚሰማው ድምፅ እጁ ላይ እያለ፣ ምላሱን ማን ይይዘዋል? ዘራፍ አለ። ፉከራ ደግሞ መንገዱ የታወቀ ነው፤ አባትህን ትጠራለህ፣ ጠመንጃህን ታወድሳለህ፣ ከዚያ የገደልከውን ትጠራለህ። እንዳላማው በሕይወቱ የገደለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«እንዳላማው ሲያልም መች ያውቃል ተሳስቶ፣
ገዳሙን ያስቀረ መሪው ላይ አስተኝቶ።»

ቃሉ ገዳሙን በገደለው ቀዳዳ በኩል ወጣ። እንዳላማው ራሱ ምን እንዳለ የሰማው ካለው በኋላ ነው። የመሳፍንት እጅ የድግሱን ሥጋ መቁረጫ ቢላ ጨብጧል፤ መቼ እንዳነሳው አያውቅም። ዘሎ አንገቱን ሊለው ይፈልጋል፣ አጥብቆ ይፈልጋል፣ ጥርሱ እስኪፋጭ ድረስ። ቀና ሲል ማርያማዊትን አየ። ራሷን ብቻ፣ በጣም በቀስታ፣ ወዲህና ወዲያ ነቀነቀች።

ቢላውን ጣለው።

«እኔ አልሰማሁም» አለ።

መሪጌታ እንደ ወጣት ሮጠው ደረሱ። ማንም አልሰማም፣ የሰማም ካለ ቅኔ ነው የሰማው አሉ። የእንዳላማውን እጅ ከነማይኩ ይዘው ወደ አፋቸው አስጠጉና ለሕዝቡ ይፈቱ ጀመር፦ ገዳሙን ማለቱ የመነኮሳቱን ደብር ነው፣ መሪው ማለቱም አበምኔቱን፤ ገዳሙን ለመሪው ትቶ ወደ ዓለም የወጣ መነኩሴ ታሪክ ነው። እንዴት ያለ ፍቺ ነው! ሰው ሁሉ «ድንቅ ነው፣ ቅኔ ነው» እያለ ራሱን ነቀነቀ። የሁለቱም ወገን ሰው በአንድነት፣ በፍቅር፣ ይዋሽ ጀመር። ያን ጊዜ ከመኪናዋ ውስጥ የአቶ ገብረ ኪዳን ድምፅ መጣ።

«መሪጌታ፣ ቅኔዎ ያምራል» አሉ። «ልጄን ግን መሪው ላይ ተኝቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

ጋቢው ተገለጠ። ጥይቷ እንዳላማውን ከአገጩ ሥር አገኘችው። ማይኩን እንደያዘ ወደቀ፤ በደም ሲታነቅ፣ ሲያጣጥር፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ስፒከሮቹ አንድ ሳያስቀሩ ለመንደሩ ሁሉ አሰሙ። ሴቶች ጮኹ፣ ዳሱ ተናደ፣ ሰው በሰው ላይ ተራመደ። ሙሽራዋ ደም የነካው ቬሏን እየጎተተች ወደ ገብሱ ማሳ ሮጠች። መሪጌታ እጃቸውን ዘርግተው መሐል ቆሙ፤ አንዱ በዱላ ጭንቅላታቸውን ብሎ ጣላቸው።

ፍቅረ ሥላሴ ከተከመረው ጠመንጃ አንዱን መንጥቆ ወደ መኪናዋ መጣ። መሳፍንት ጠመንጃውን ከአባቱ እጅ ቀማና ፊቱ ቆመ። አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ተደጋገኑ። የፍቅረ ሥላሴ ዘመዶች ከኋላው ወንድምህ እዚህ ወድቆ ምን ትጠብቃለህ፣ ሴት ነህ ወይ ይሉታል። መሳፍንትም ያውቀዋል፤ አብሮት ማዕድ የቆረሰ፣ ለልጁ ክርስትና አቅፎ የሳመው ሰው ነው። ሁለቱም መተኮስ አይፈልጉም፤ ሁለቱም ሊተኩሱ ነው።

ማርያማዊት መሐላቸው ገባች። ልጁን ከጀርባዋ ፈትታ ለባሏ በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

«መጀመሪያ ይህን ግደል» አለችው። «ሲያድግ የአጎቱን ደም የሚጠይቀው ካንተ ነው።»

ፍቅረ ሥላሴ ልጁን አየ። ልጁ አባቱን አውቆ እጁን ዘረጋ። መሳፍንት ይህን ሲያይ ሰደፉን መሬት አስነክቶ ጠመንጃውን ወደ ጎን ጣለው፤ ባዶ እጁንም ከፍ አድርጎ አሳየ። በቃ፣ አለቀ፣ እህቴን አተረፍኩ ብሎ አሰበ። ከኋላ በኩል የእንዳላማው እናት ሬሳው ላይ ተደፍታ «ልጄ! ደመ ከልብ ሆነህ ቀረህ!» ብላ ጮኸች።

ፍቅረ ሥላሴ በሚስቱ ትከሻ ላይ አሳልፎ ተኮሰ።

መሳፍንት ሆዱን የመታው ጥይት ሳይሆን ድንጋይ መሰለው። የቮልሷን በር ደግፎ ቀስ እያለ ወረደ። አይቀዘቅዝም፣ አያምም፤ እግሩ ብቻ የለም። ፍቅረ ሥላሴ ጠመንጃውን እንደያዘ፣ ምን እንደሠራ ያልገባው ይመስል፣ ቆሞ ሲያለቅስ አየ። አባቱ ከወንበሩ ሆነው ስሙን ሲጠሩ ሰማ።

ማርያማዊት ልጇን መሬቱ ላይ አስቀመጠች። መሳፍንት ወደ እሱ የምትመጣ፣ ቁስሉን በነጠላዋ የምታስርለት መስሎት እጁን ዘረጋላት። አላየችውም። አልፋው ሄዳ የጣለውን ጠመንጃ አነሳች። ተይ እህቴ፣ ልጅሽን ያዢ ሊላት አፉን ከፈተ፤ የወጣው ደም ብቻ ነው። ባሏ ስሟን ጠራ። ልጁ እሪ ብሎ ያለቅሳል። እሷ ግን ወደ ባሏ ዞራ፣ አባቷ እንዳስተማሯት ሰደፉን ትከሻዋ ላይ አደላድላ አቀባበለች።