ለራሴ እጅ የለካሁት ማውስ

ምስጋና አይሆንልኝም። ደንበኛ ሲያመሰግነኝ እንኳ «ኧረ ምን አደረግኩ» ብዬ ፊቴን ወደ ጎማው አዞራለሁ። ጎሚስታ ነኝ፤ ሥራዬ የተነፈሰ ጎማ መንፋት፣ የተቀደደ የውስጥ ጎማ፣ ማለትም ከመነዳሪ፣ መለጠፍ ነው። እጄም ሥራዬን ይመስላል፤ ሰፊ፣ ጥቁር፣ ሳሙና ያቃተው። ባለቤቴ «አንተን መጨበጥ በር እንደመጨበጥ ነው» ትለኛለች። ይህን እጅ ግን እኔ አመሰግነዋለሁ፤ ሲሳሳት ጠቅሞኛልና።

ባለቤቴን ካገባኋት ዓመት አልፏል። የመጀመሪያ ባሏ ከሞተባት ቆይቷል። አንዲት ሴት ልጅ አለቻት፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከማነሷ የተነሣ ሰፈሩ ሁሉ ድንቢጥ ይላታል። ድንቢጥ ክፉ ልጅ ብትሆን ኖሮ አውቅበት ነበር፤ ከክፉ ሰው ጋር ተቻችሎ መኖርን ጎማ ቤት ተምሬዋለሁ። እሷ ግን ጨዋ ናት። ስገባ ትነሣለች፣ «እንደምን ዋሉ» ትለኛለች፣ ወንበሩን ትለቅልኛለች፣ ከዚያ ክፍሏ ገብታ በሯን ቀስ አድርጋ ትዘጋለች። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር። ጨዋ ልጅን ምን ብለው ይቆጧታል? ለእንግዳ የሚሰጠውን ክብር ሁሉ ሰጥታ እንግዳ አድርጋ አስቀመጠችኝ።

በዚህ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ጠቅልላ አክስቷ ጋ እንደምትሄድ ለእናቷ ነገረቻት። አክስቷ የሟች አባቷ እህት ናት፤ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። ለምን ስትባል «እዚያ ትምህርት ቤቱ ይሻላል» አለች። እናቷ እኔ ፊት አላለቀሰችም። ልብስ ስታጣጥፍ ግን አንዱን ሸሚዝ አጥፋ መልሳ ስትዘረጋ፣ አጥፋ መልሳ ስትዘረጋ አየኋት። ልጅቷ ከሄደች ይህች ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ልቧ ሌላ ከተማ እንደሚከርም ገባኝ። እኔም ብሆን ሰው ነኝ፤ በእኔ ምክንያት ልጅ ከቤቷ ስትወጣ እያየሁ እህል እንዴት ይወርድልኛል?

ድንቢጥ ጌም ትጫወታለች። ጊዜ ማሳለፊያ እንዳይመስላችሁ፤ ከክፍሏ ልጆች ጋር ቡድን አላቸው፣ የትምህርት ቤቶች ውድድርም ደርሶባቸው ነበር። አጎቷ የሰጣት አሮጌ ኮምፒውተር አለ፤ ማውሱ ግን አንዴ ሲጫኑት ሁለት ጊዜ ይሰማል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አልሰማም ይላል። ስትደበድበው በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። አንድ ቀን እናቷ ማውሱ ጨርሶ እንደሞተ፣ ልጅቷ ግን ግዙልኝ ለማለት እንዳልፈለገች ነገረችኝ። ሰው ማስቸገር አልፈልግም ብላለች አሉ። ሰው የተባልኩት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ሥራውን ለሸሪኬ ትቼ የኮምፒውተር ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። የጌም ማውስ እንደምፈልግ፣ ግን ርካሽ እንዲሆን ነገርኩት። ርካሽ በማለቴ አልናቀኝም፤ ለዚህ ብቻ እንኳ እግዜር ይስጠው። ርካሽ ሞልቷል፣ ለእጅ ካልሆነ ግን ርካሹም ውድ ነው አለኝና አያያዙ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ።

ማውስ አያያዝ እንዳለው ያን ቀን ሰማሁ። አንዳንዱ ሰው መዳፉን ሙሉ በሙሉ ያስተኛበታል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ረዘም ያለና ጀርባው ጎበጥ ያለ ይሻለዋል። አንዳንዱ የመዳፉን ሥር ብቻ አሳርፎ ጣቶቹን እንደ ድመት ያጥፋል፤ ለሱ አጠር ያለ ነው። ሌላው ደግሞ መዳፉን ጭራሽ አያስነካም፤ በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ለሱ ትንሽና ቀላል ካልሆነ አይሆንም። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርና የሚብለጨለጨው መብራት ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው አለኝ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ጎማም እንዲሁ ነው፤ አዲስ ስለሆነ ብቻ ለማንኛውም መኪና አይገባም።

«እስቲ እጅዎን ያሳርፉበት» አለኝ። አሳረፍኩ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። እጄን አይቶ ዕቃውን ወደ ራሱ የማይሰበስብ ነጋዴ ብዙ አላጋጠመኝም። ይህ ሰው ግን እጄን ገልብጦ አየው፣ ከመዳፌ ሥር እስከ መሐል ጣቴ ጫፍ በማስመሪያ ለካው፣ አንዱን ማውስ ሰጥቶ ሌላውን ተቀበለኝ። እንደ ሙሽራ ተሞሸርኩ። በመጨረሻ አንድ ጥቁር፣ ጎባጣ፣ መዳፌን ጥግብ የሚያደርግ ማውስ ሰጠኝና ለእርስዎ ተብሎ የተሠራ ነው አለኝ። እውነቱን ነው። ከፍዬ፣ እጁን ጨብጬ፣ እያፏጨሁ ወጣሁ። የተለካው እጅ የማን እንደሆነ፣ ማውሱ ደግሞ ለማን እንደሆነ መንገድ ላይ እንኳ ትዝ አላለኝም።

ትዝ ያለኝ ድንቢጥ ሳጥኑን ከፍታ እጇን ስታሳርፍበት ነው። የአባቱን ጫማ ያጠለቀ ሕፃን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነበረች። ጣቶቿ መጫኛው ላይ ሳይደርሱ ጉብታው ላይ ቀሩ። ፊቷ ላይ አንዳች ነገር እልፍ አለ፤ ወዲያው ግን ያ ጨዋነቷ መጣ። «በጣም ጥሩ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችኝ። ልቀይርልሽ ብላት አይቸገሩ፣ እለምደዋለሁ አለችና ክፍሏ ገባች። እናቷ ከኋላዬ ቆማ ማውሱንም እጄንም አይታ ሁሉም ገብቷት ኖሮ «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» አለችኝ። አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። እኔ ማፈሬን አፈርኩ፤ ግን ከስንት ቀን በኋላ ስትስቅ ስላየኋት በልቤ ተመስገን አልኩ።

ልጅቷ ግን አልለመደችውም። ያን ሰሞን በግድግዳው በኩል የቡድኗ ልጆች ሲጮኹባት፣ እሷም «አመለጠኝ፣ አመለጠኝ» ስትል እሰማለሁ። ሲነጋም የእጅ አንጓዋን እያሸች ነው ቁርስ የምትቀርበው። አንድም ቀን ማውሱ ነው አላለችም። አንጀቴን በላችው።

እልህ ያዘኝና አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ መጥቼ አሮጌውን ማውስ ከቆሻሻ ቅርጫት አወጣሁት። ጎሚስታ ጎማን የሚያነበው ከተበላበት ቦታ ነው። ይህም ተበልቷል። መዳፍ የሚያርፍበት ጀርባው እንደ አዲስ ነው፤ የተላጠው ሁለቱ ጎኖቹና የመጫኛዎቹ ጫፍ ብቻ ነው፤ እሱም ምስር በምታህል ቦታ። በጣት ጫፍ የምትይዝ ናት ማለት ነው። ወዲያው ለሻጩ ደወልኩለት። የማን እጅ እንደለካ ስነግረው ሳቁን እንደምንም ውጦ፣ ትንሹና ቀላሉ ዓይነት አልቋል፣ ሲመጣ እቀይርልዎታለሁ አለኝ። የሚመጣው ግን ከውድድሩ በኋላ ነው።

መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ያንን አሮጌ ማውስ እንደሷ ልይዘው ሞከርኩ። አውራ ጣቴ ብቻውን ግማሹን ሸፈነው። ስይዘው፣ ሲያመልጠኝ፣ ስረግመው ቆይቼ ቀና ስል ድንቢጥ ደብተሯን እንዳቀፈች በሩ ላይ ቆማለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የጣለችውን ዕቃ ስበረብር ነው ያገኘችኝ። ምን ብዬ እንደማስረዳት ሳወጣ ሳወርድ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«እንደሱ አይደለም» አለችኝ።

አውራ ጣቴን በሁለት ጣቶቿ አንሥታ ወደ ጎን አደረገችው፤ የቀለበት ጣቴን በወዲያ በኩል አስያዘችኝ፤ መዳፌን ከሥር ገፋ አድርጋ ከፍ አደረገችው። እስከዚያ ቀን ስትጨብጠኝ እንኳ የጣቶቿን ጫፍ ብቻ ነበር የምትሰጠኝ። ቀና ብላ እኔን አየች፣ ማውሱን አየች፣ ሳቋ አመለጣት። ዝንብ በክንፏ የያዝኩ ነበር የምመስለው። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ያለ ሌላ ወሬ ወደ ክፍሏ ሄደች፤ ስለ አክስቷም አልተነሣም፤ ለእኔ ግን ያቺ ቀን በቂዬ ነበረች።

ዓርብ ከሰዓት የአንድ ጭነት መኪና ጎማ አውልቄ ስታገል ሸሪኬ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ቀና ስል ድንቢጥ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ከሁለት የቡድኗ ልጆች ጋር ጎማ ቤታችን በር ላይ ቆማለች። ትምህርት ቤቷ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ሁልጊዜ ግን በወዲያኛው የመንገዱ ጠርዝ ነበር የምታልፈው፤ እኔም እንዳላየ ሆኜ አጎነብስ ነበር። አዲሱን ማውስ ከቦርሳዋ አወጣች። በጣት ጫፍ ስትይዘው እንደሚያንሸራትት፣ ጎንና ጎኑ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር ቢኖረው ግን ትልቅነቱን እንደምትችለው ነገረችኝ። ውድድሩ ነገ ነው። ጎማ የምትለጥፉበት ነገር ለዚህ አይሆንም ወይ አለችኝ።

እንዴት አይሆንም? እጄን ታጠብኩ። ስስ ከመነዳሪ መርጬ በመቀስ ቆረጥኩ፣ በሞረድ አሻከርኩት። ማውሱን እንድትይዘው አድርጌ ጣቶቿ የሚያርፉበትን በጠመኔ ምልክት አደረግኩ፤ ማስቲሽ ቀባሁና ለጥፌ እስኪይዝ ድረስ ተጭኜው ቆየሁ። የጭነት መኪና ጎማ ስለጥፍ እንደዚያ ተጠንቅቄ አላውቅም። ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ጎማው እስኪያልቅለት ሳጥን ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀው ሹፌርም ሲያይ ቆይቶ «ልጅህ ናት?» አለኝ።

ወደ ጓደኞቿ አየሁ። ዩኒፎርማቸው ንጹሕ ነው፤ የእኔ ቱታ ደግሞ ከቆሻሻው ብዛት ባወልቀውም ብቻውን የሚቆም ነው። ላሳፍራት አልፈለግኩም። እሷ «አባቴ» ብላኝ ሳታውቅ እኔ በሰው ፊት «ልጄ» ብል መድፈር ይሆንብኛል ብዬም ፈራሁ።

«አይ፣ የሰፈር ልጅ ናት» አልኩት።

ድንቢጥ ማውሱን ተቀበለችኝ፣ አመሰገነች፣ ልጆቹን ይዛ ሄደች። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ወደ ጎማዬ ተመለስኩ። ትንሽ ቆይቶ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። ብቻዋን ነው የተመለሰችው፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«እኔ የሰፈር ልጅ ነኝ?» አለችኝ።

የያዝኩትን ብረት አስቀምጬ ቀና አልኩ።

«አባቴ ይሠራልኛል ብዬ እኮ ነው ይዣቸው የመጣሁት። አሁን ‹አባትሽ አይደለም እንዴ?› ሲሉኝ ምን ልበላቸው? ትናንት ለአክስቴ ደውዬ አልመጣም ብያታለሁ። አንተ ደግሞ ዛሬ በሰው ፊት ካድኸኝ።»

ያን ሁሉ ጊዜ ስትነሣልኝ፣ ወንበር ስትለቅልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ ስትለኝ ያላገኘሁትን ያን ቀን ስትጮኽብኝ አገኘሁት። አጥፍቻለሁ ልል ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «ተመስገን» የሚል ነው።

«ምኑ ነው ተመስገን?» ብላ ባሰባት። በጣቷ ሹፌሩን አሳየችኝ። «ሂድና ንገረው።»

እኔ ማንም ሂድ ስላለኝ የምሄድ ሰው አይደለሁም፤ ሸሪኬ ምስክሬ ነው። ያን ቀን ግን ሄድኩ። ሹፌሩ ፊት ቆሜ፣ ቅድም ተሳስቼ ነው፣ ልጄ ናት አልኩት።

ሹፌሩ እሷንም እኔንም አየንና ከሳጥኑ ላይ ሳይነሣ፣ «እሱንማ ስትቆጣህ ሰማሁ እኮ» አለኝ። «የሰፈር ልጅ እንዲህ አይቆጣም።»