ካቦው ያለፈው ዛፍ

ሠራተኞቹ ጀልባዋን «አሮጊቷ» ይሏታል። ከመቶ ዓመት በፊት ከብረት የተሠራች ናት፤ ዕድሜዋን ያሳለፈችውም ከሐይቁ ማዶ የተቆረጠ ግንድ ወደ መጋዝ ቤቱ ስትጎትት ነው። አሁን ነጭ ቀለም ተቀብታ፣ በድሮው የእንፋሎት ሞተር ፋንታ የናፍጣ ሞተር ተገጥሞላት፣ በቀን አንዴ ስልሳ ጎብኚ ይዛ ትሻገራለች። ጎብኚዎቹ ማዶ ይወርዳሉ፣ አስጎብኚዋ ጫካውን ሁለት ሰዓት ያህል ታዞራቸዋለች፣ ከዚያ አሮጊቷ መልሳ ታመጣቸዋለች።

አስጎብኚዋ የአርባ አራት ዓመት ሴት ናት። ድሮ የሳይንስ መምህርት ነበረች፤ አመሏ አልለቀቃትም፤ ከኋላ የሚያወራ ሰው ካለ ንግግሯን አቋርጣ ዝም ብላ ታየዋለች። በዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይታለች። ከጉዞው ሁሉ የምትወደው መጨረሻው ላይ ያለውን ትልቁን ዛፍ ነው። ስምንት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። እዚያ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የምትናገራት ታሪክ አለቻት።

«ይህን ጫካ ሊቆርጡ አርባ ሰው መጥቶ ነበር» ትላለች። «የቆራጮቹ ካቦ መጀመሪያ ይህን ዛፍ ሊጥል መጋዝ አስነሣ። ከዚያ ምን እንደታየው አይታወቅም፣ ጆሮውን ግንዱ ላይ ለጠፈ። ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ‹ልቡ ይመታል፤ ተዉት› አለ። እነሆ፣ ዛፉም ቀረ፤ ጫካውም ቀረ።»

ያ ካቦ አባቷ እንደነበር ለማንም አትናገርም። ታሪኩን ልጅ ሳለች አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የነገራት እሱ ነው። ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ታሪኳ ግን ሥራዋን በደንብ ትሠራለች። ሴቶች ያለቅሳሉ፣ ወንዶች ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ሁሉም ፎቶ ይነሣል። ካፒቴኑ ጠዋት ጠዋት ሲያገኛት «ዛሬ ደግሞ ስንቱን ልታስለቅሺ ነው?» ይላታል። የቢሮው ኃላፊ ታሪኩን ለጎብኚ በሚታደለው ወረቀት ላይ አሳትሞታል።

አንድ ማክሰኞ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ መጣ። ብቻውን ነው። የተተኮሰ ኮት ለብሷል፣ ኮፍያ አድርጓል፣ ጫማው ግን ለጫካ የሚሆን የቆዳ ቡትስ ነው። አስጎብኚዋ መሰላሉን ሲወጣ ክንዱን ልትይዘው እጇን ዘረጋች።

«ተዪኝ ልጄ፣ ይህችን መሰላል አውቃታለሁ» አላት። «እኔና ይህቺ ጀልባ የድሮ ወዳጆች ነን። እሷ ቀለም ስለተቀባች ነው ልጅ የምትመስለው።»

«የእግር ጉዞው ዳገት አለው፣ አባባ። ከፈለጉ ጀልባዋ ላይ ሆነው ሊጠብቁን ይችላሉ። ካፒቴናችን ጨዋታ አዋቂ ነው።»

«የካፒቴን ጨዋታ ድሮም ጠግቤያለሁ» ብሎ ሳቀ።

ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። ሌሎቹ ከላይኛው ወለል ተደርድረው ውሃውን ሲያዩ፣ ሽማግሌው ከኋላ፣ ወፍራሙ የብረት ቀለበት ከወለሉ ጋር ከተበየደበት ቦታ አጠገብ ቆመ። ድሮ የግንዱ ሰንሰለት የሚታሰረው እዚያ ነበር። ማዶ እስኪደርሱ አልተቀመጠም።

ጫካው ውስጥ ከሁሉም ኋላ ነው የተጓዘው፣ ግን አልዘገየም። አስጎብኚዋ ስለ ሐረጉ፣ ስለ ጦጣዎቹ፣ መሬት ላይ ወድቆ ሲበሰብስ ሌላውን ስለሚመግብ ግንድ አስረዳች። አንድ መታጠፊያ ላይ ዘወር ብላ ስታይ ሽማግሌው ቆሞ ቁልቁለቱን ይመለከታል። «ደክሞታል» ብላ እርምጃዋን ቀነሰች።

ትልቁ ዛፍ ጋ ደረሱ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጀመረች። «ልቡ ይመታል፤ ተዉት» የሚለው ላይ ስትደርስ ከኋላ የሆነ ድምፅ አመለጠ። ሳቅ ነበር። ሰው ሁሉ ዞረ።

«ሳል ነው፣ ሳል ነው፤ ቀጥዪ» አለ ሽማግሌው፣ አፉን በመሐረብ ሸፍኖ።

ጨረሰች። ፊቷ ግን ቀልቷል። ጎብኚዎቹ ለፎቶ ሲሰለፉ ወደ ሽማግሌው ሄደች።

«አባባ፣ የሚያስቅ ነገር ተናገርኩ?»

«ይቅርታ አድርጊልኝ። ማሾፌ አልነበረም።» ምርኩዙን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «እኔ ከነዚያ አርባ ሰዎች አንዱ ነኝ። እዚሁ ነበርኩ። ማነው ይህን ተረት የነገረሽ?»

«አባቴ።»

«አባትሽ ማነው?»

መልሱን ለማንም ሰጥታ አታውቅም። «ካቦው» አለች።

ሽማግሌው ትክ ብሎ አያት። ከዚያ አጠገቡ ካለው የወደቀ ግንድ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«እንግዲህ ከአፍ የወጣ አፋፍ» አለ። «ባልስቅ ይሻል ነበር። እውነቱን ልንገርሽ ወይስ ልሂድ?»

«ይንገሩኝ።»

«ጆሮውን አልለጠፈም። በመጥረቢያው ጀርባ ሁለት ጊዜ መታው። ድም፣ ድም አለ። ‹ይሄ ከበሮ ነው፤ ለከበሮ ብዬ መጋዝ አላበላሽም፤ እለፉት› አለ። ሁላችንም ስቀን አለፍነው። ውስጡ ባዶ ነው፣ ልጄ። ጣውላ አይወጣውም።»

አስጎብኚዋ ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ አጠገቡ ስትቆም አንድ ቀን አንኳኩታው አታውቅም። ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሣች፣ ከፎቶው ሰልፍ በተቃራኒ በኩል ዞራ መታችው። ከበሮ ነው። ድምፁ በእጇ ውስጥ አልፎ እስከ ክርኗ ተሰማት። ለምን እንደሆነ ሳታውቀው ልቧ ስብር አለ፤ አባቷ ሁለተኛ የሞተባት መሰላት።

«ታዲያ ጫካው ለምን ቀረ?» ስትል ተመልሳ ጠየቀችው። «ዛፉ ባዶ ይሁን፤ ሌላው ሁሉ ለምን ቀረ?»

ሽማግሌው ተነሣ። «ነይ ላሳይሽ። የመጣሁትም ለዚሁ ነው።»

ቀደም ሲል ቆሞ ወዳየበት መታጠፊያ ወሰዳት። ከመንገዱ በታች፣ ሁለት ትላልቅ ድንጋዮች መካከል፣ ጥላ የሚወድ ሰፊ ቅጠል ብቻ በቅሏል። ምንም ምልክት የለም።

«ከበሮውን ካለፍን በኋላ እዚህ ነው የጀመርነው» አለ። «ታናሽ ወንድሜ አብሮን ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሥራ ከጀመረ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ። አባትሽ ‹እዚያ ድንጋዩ ጋ ቁም፤ እዚያ አይደርስብህም› አለው። ቆመ። የቆረጥነው ዛፍ ሲወድቅ ከመሃሉ ተሰነጠቀና ግንዱ ወደኋላ ተወረወረ። ድንጋዩ ድረስ መጣ።»

አስጎብኚዋ ድንጋዮቹን አየች።

«አባትሽ በጀርባው አዝሎ ዳገቱን አወረደው። እኛ እንቀበልህ ብንለው አልሰጥም አለ። ጀልባዋ ላይ የልጁን ጭንቅላት ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ወንድሜ ውሃ ጠየቀ። ውሃው ሳይመጣለት፣ ከሐይቁ መሃል ላይ አረፈ።» ሽማግሌው ምርኩዙን መሬት ላይ አጥብቆ ተከለ። «እኔ አባትሽን ሰደብኩት። የማይባል ነገር አልኩት፤ ገዳይ አልኩት። አንዲት ቃል አልመለሰልኝም። በማግስቱ መጋዙን አስረክቦ ወጣ። እሱ ሲወጣ እኛም ወጣን። ባለቤቱ ሌላ ካቦ ሲፈልግ፣ ሲፈልግ፣ ሰውም አላገኘ፤ ኋላም መጋዝ ቤቱ ተዘጋ። ጫካሽ በዚህ ነው የቀረው።»

ከታች የጀልባዋ ጡሩምባ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ካፒቴኑ ሰዓት ያልፋል ማለቱ ነው። ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።

«ከዚያ ወዲህ አላገኙትም?» አለችው።

«ማግኘትማ እችል ነበር። እናቴ እስክትሞት ድረስ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ እሁድ እሁድ እየመጣ ማገዶ ይፈልጥላት ነበር። ‹ግባ› አትለውም፤ እሱም አይገባም። ፈልጦ፣ ደርድሮ፣ መጥረቢያውን ጠርጎ ይሄዳል። እኔ የእሱን ኮቴ ስሰማ በጓሮ እወጣለሁ። አንድ እሁድ እንኳ ቆሜ ብጠብቀው ምን ነበረበት? ሰው ግትር ነው ልጄ፤ እኔ ደግሞ ከሰውም የባስኩ ነኝ።»

ሲወርዱ ክንዱን ያዘችው፤ በዚህ ጊዜ አልከለከላትም። ጎብኚዎቹ ፎቷቸውን ጨርሰው ቀድመዋቸው ወርደዋል፤ ጀልባዋ ላይ ተቀምጠው ሰዓታቸውን ያያሉ። ካፒቴኑ ሊቆጣ አፉን ከፈተና የሷን ፊት ሲያይ ተወው።

በመመለሻው ሽማግሌው ከብረት ቀለበቱ አጠገብ ቆመ፤ እሷም አጠገቡ። ሐይቁ መሃል ሲደርሱ ኮፍያውን አወለቀ። ካለፉ በኋላ መልሶ አጠለቀው።

«ለሰዎቹ ልንገራቸው?» አለችው።

«የዛፉን ንገሪያቸው። የወንድሜን ግን ሆድ ይፍጀው። እሱ የጎብኚ ወሬ አይሁንብኝ።»

ማረፊያው ላይ ሲሰነባበቱ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «አባትሽ ያን ዕለት ስህተት ሠራ፤ ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ይህን ለእሱ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ላንቺ ነገርኩሽ።»

እሷም አላለቀሰችም፣ እሱም አላለቀሰም። አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኝታው፣ የስልክ ቁጥሯን በወረቀት ጽፋ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተችለት።

ከዚያ በቀጥታ እናቷ ቤት ሄደች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰባ አምስት ዓመት ሆኗት ዛሬም መስኮቱ ሥር ካለው የስፌት መኪና አትነሣም። የሰው ሱሪ ጫፍ እያጠፈች ነበር።

«እማዬ፣ አባዬ እሁድ እሁድ የት ነበር የሚሄደው?»

የመኪናው መርፌ ቆመ። «ጓደኛው ጋ ነዋ።»

«እማዬ።»

እናቷ መነጽሯን አወለቀች። «ማን ነገረሽ?»

«የልጁ ወንድም።»

«በሕይወት አለ?» አለችና መልሱን ሳትጠብቅ ሱሪውን ጭኗ ላይ አጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው። «ከመጋባታችን በፊት ነው የነገረኝ። ‹ይህን ሳታውቂ አታግቢኝ› ብሎ። ደግሜ አንሥቼበት አላውቅም።»

«ለእኔስ ለምን ተረት ነገረኝ?»

«ተረት ሊነግርሽ አልነበረማ! ሰባት ዓመትሽ ነው፣ ‹አባቶቻችሁ ምን እንደሠሩ ጠይቃችሁ ኑ ተብለናል› ብለሽ መጣሽ። ሊነግርሽ ቁጭ አለ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ እሰማለሁ። ከዛፉ ጀመረ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ላይ ሲደርስ አቃተው። አንቺ ደግሞ ‹እሺ፣ ከዚያስ?› እያልሽ ታፈጥጪበታለሽ። ታዲያ ምን ያድርግ? ጆሮዬን ለጠፍኩ አለሽ። ወጥቶ እኔን ሲያየኝ ‹ዋሸኋት› አለ። እኔም ‹ትደግ፣ ያኔ ትነግራታለህ› አልኩት።» እናቷ መነጽሯን መልሳ አደረገች። «አደግሽ። እሱ ግን አልቻለም። ሰው የሚችለውን ነው የሚናገረው።»

አስጎብኚዋ እናቷ እግር ሥር፣ ብጥስጣሽ ክር የተዝረከረከበት ምንጣፍ ላይ ቁጭ አለች። ብዙ አልተነጋገሩም። ኋላ ላይ እናትየው ሱሪውን ጨርሳ፣ «ነይ፣ መርፌው ላይ ክር አስገቢልኝ፤ ዓይኔ እምቢ ብሏል» አለቻት። አስገባችላት።

በማግስቱ ትልቁ ዛፍ ጋ ስትደርስ ስልሳ ሰው ፊት ለፊቷ ቆሞ ጠበቃት። ትንሽ ፈራች።

«ይህ ዛፍ ውስጡ ባዶ ነው» አለች። «ቆራጮቹ መጡ፣ ካቦው በመጥረቢያ ጀርባ አንኳኳው፣ እንደ ከበሮ ሲጮህበት አልፎት ሄደ። የማይረባ ስለሆነ ተረፈ። ማንኳኳት የሚፈልግ ይምጣ።»

መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አንድ አዲስ ሙሽራ በሚስቱ ጉትጎታ ወጥቶ በቡጢ መታው፤ ድም ሲል ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ ተሰለፈም። ማንም አላለቀሰም።

ካፒቴኑ ወሬው ደርሶት ጠበቃት። «አንቺ ሴት፣ ያን የመሰለ ታሪክ ትተሽ ባዶ እንጨት ታስመቻለሽ?»

«ባዶ ስለሆነ ነዋ የቆመው።»

«እንደሱ ከሆነ እኔም እስከዛሬ የቆምኩት ለዚሁ ነው» ብሎ ጭንቅላቱን አንኳኳ።

የቢሮው ኃላፊ ግን አልሳቀም። ወረቀቱ አምስት ሺህ ታትሟል፤ አይቀየርም አላት። ጎብኚዎቹ ስለዚህ አንዱን ያነብባሉ፣ ሌላውን ይሰማሉ። «የትኛው ነው እውነቱ?» ብለው ሲጠይቋት «አንኳኩታችሁ እዩት» ትላለች።

ሽማግሌው በወሩ ደወለላት። ጉልበቱን እንዳመመው፣ ዳገት እንደማይሞክር፣ ግን እንቅልፉ እንደተሻለው ነገራት። እሷም እናቷ ሰላም እንደምትለው ነገረችው። ሌላ የተባባሉት ነገር የለም፤ ከዚያ ወዲህ ግን በየወሩ መጀመሪያ ይደዋወላሉ።

ወደ ጀልባዋ ሲመለሱ መታጠፊያው ላይ፣ ከሁለቱ ድንጋዮች በላይ፣ አስጎብኚዋ ንግግሯን አቋርጣ ቀስ ብላ ትራመዳለች። ስለዚያ ቦታ አንዲት ቃል አትናገርም። አንድ ቀን ከኋላዋ ስትከተላት የነበረች ወፍራም ሴትዮ ክንዷን ነካ አደረገቻት።

«ደከመሽ እንዴ፣ እህቴ?»

«ትንሽ።»

ሴትዮዋ ቦርሳዋን ስትጎረጉር ቆይታ ከረሜላ አወጣች። «እንቺ፣ ጉልበት ይሰጣል» አለቻት። አስጎብኚዋ ተቀብላ ልጣና አፏ ውስጥ ጨመረችው፤ አመስግናም ሰዎቹን ይዛ ቁልቁል ወረደች።