የተዘለለው ምስል

«ቁም! አልጋውን አቁም አልኩህ!»

የሲቲ ስካን ባለሙያዋ እያለከለከች ደርሳ ተላላኪው የሚገፋውን አልጋ ብረት ጨበጠች። ቀዶ ጥገና ክፍሉ ደጃፍ ላይ ደርሰዋል። የተኛው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አንዱን ኩላሊቱን ለታናሽ እህቱ ሰጥቷል፤ ዛሬ ደግሞ የቀረችውን አንዷን፣ ካንሰር ይዟታል ብለው ሊያወጡበት ነው።

«ምን ነካሽ?» አለ ቀዶ ሐኪሙ። የሲቲ ስካን ክፍሉም ኃላፊ እሱ ነው።

«ዶክተር፣ የምስል ማድመቂያው መድኃኒት ሳይወጋ መነሳት የነበረበትን ምስል ዘልዬዋለሁ። እጢው ውስጥ ስብ መኖሩ የሚለየው በዚያ ነው። ስብ ካለው ካንሰር ላይሆን ይችላል።»

«እንዲህ ያለው እጢ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው!»

«ያ ከስንት አንዴ የተገኘውስ ሰው አይደለም እንዴ?»

 ወረፋው እንዲፋጠን ያንን ምስል ዝለሉት ብሎ ያዘዘው ሐኪሙ ራሱ ነው። እሷም እሺ ብላ ሰባት ወር ስትዘል ከረመች፤ ያን ጊዜ ያ ምላሷ የት ሄዶ ነበር? ዛሬ ጠዋት ግን የሹፌሩን ምስል ለቀዶ ጥገናው ስታዘጋጅ፣ እጢው ጠርዝ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል፣ ስብ የምትመስል ጥቁር ነጥብ አየችና ክው አለች። አፍራለች፤ ከማፈሯ ይልቅ ግን ተናዳለች።

እስከ ደጃፉ የሸኘችው እህቱ ወደ አልጋው ጠጋ አለች። «ወንድም ጋሼ፣ ተነስ። አንተማ ኩላሊት እንደ ከረሜላ ማደል ለምደሃል። ይቺን ግን በደንብ ሳያዩ አይወስዷትም!»

«እኔስ ብሆን» አለ ሹፌሩ እየተነሳ፣ «ሳላስፈትሽ ሞተር አስወርጄ አላውቅም።»

ምስሉ እንደገና ተነሳ። ሐኪሙ ነጥቧን ስክሪኑ ላይ አጉልቶ አየና፣ «ስብ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ቀዶ ጥገናው ቀረ፤ እጢው በክትትል ይታያል ተባለ። እህትየው እያለቀሰች የወንድሟን ትከሻ በቡጢ ትደልቀው ጀመር።

እነሱ ሲወጡ ሐኪሙ በሩን ዘጋ።

«ደግ አደረግሽ። አሁን ‹ለክትትል የተነሳ› ብለሽ ጻፊና ይለቅ። ገመናችንን አደባባይ አናውጣ።»

«የዘለልነው እኮ የእሱን ብቻ አይደለም።»

«ይህን ብታወሪ ነገ እዚህ ደጅ አትደርሺም!»

«ነገ ሩቅ ነው፣ ዶክተር።»

መዝገቡን ስባ ገለጠች። በእነዚያ ሰባት ወራት በኩላሊት እጢ የመጡት አሥራ አንድ ናቸው። የሁለቱ ኩላሊት ወጥቷል። ለእነሱም ትደውላለች፤ ምን እንደምትላቸው ግን ገና አላወቀችም። መጀመሪያ ቀጠሮ የሚጠብቁት ይቅደሙ ብላ ስልኩን አነሳች። ሐኪሙ እዚያው ቆሟል።

«ሃሎ፣ እናቴ? ከሲቲ ስካን ክፍል ነው። ሐሙስ ቀዶ ጥገና አለዎት አይደል? እኔ ጋ መጥተው እንደገና ሳይነሱ እንዳይገቡ። ምስልዎን ያጎደልኩት እኔ ነኝ።»