ማክሰኞ፣ ከእረፍት በኋላ

ምንዋጋው በመጪው ዓመት ድልድል ላይ የሐሙስን መስመር በማስመሪያ እያሰመረ ነበር። ምክትል ርዕሰ መምህር ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የትምህርት ቤቱን የክፍለ ጊዜ ድልድል የሚያወጣው እሱ ነው።

መምህርት እታገኝ የአካባቢው ቋንቋ የሆነውን የኽምጥኛ መጻሕፍት ተሸክመው ገቡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ቁጠር። ሠላሳ አንድ ናቸው። የአንዱን ውስጥ ፍየል በልታዋለች፤ ሽፋኑ ብቻ ነው የተረፈው።»

«ይተዉት እትዬ፣ አልቆጥርም።»

«ቁጠር እንጂ! ኋላ ሰሃላ ድረስ ደብዳቤ ልትጽፍብኝ ነው?»

ወደ ሰሃላ ወረዳ መዛወራቸውን የሚገልጸው ደብዳቤ የደረሰው ባለፈው ሳምንት ነው። የሦስተኛ ክፍል የኽምጥኛ ውጤት ዝቅ በማለቱ ትምህርቱ በሳምንት ከአራት ክፍለ ጊዜ ወደ ሁለት ወርዷል፤ መምህርቷም ትርፍ ሆነዋል።

ከአራቱ ሁለቱ ማክሰኞ ከእረፍት በኋላ ነበሩ። ማክሰኞ ደግሞ ገበያ ነው። ልጆቹ ለእረፍት እንደወጡ አይመለሱም፤ ከፊሉ አህያ ይጠብቃል፣ ከፊሉ እናቱ እስክትገበይ ሕፃን ያዝላል። ምንዋጋው ራሱ በልጅነቱ እንደዚያ ይወጣ ነበር። ሒሳብ እንዳይባክን ብሎ ነው ኽምጥኛን እዚያ ያስቀመጠው። ቤታቸው ያወሩት የለ እንዴ፣ ብሎ ነበር በልቡ። ወረቀቱ ላይ ግን አራቱም እንደተሰጡ ይቆጠሩ ነበር።

ጥቅምት ላይ እታገኝ መጥተው፣ «አንዷን እንኳ ወደ ጠዋት አምጣልኝ» ብለውት ነበር።

«በመጪው ዓመት፣ እትዬ» አላቸው።

አሁን መጽሐፎቹን ቆጠረ። ሽፋኑን ጨምሮ ሠላሳ አንድ ናቸው።

«የማክሰኞዋን ያኔ ወደ ጠዋት ባመጣት ኖሮ...»

«ምን ሆንኩ? ባዶ ወንበር ሳስተምር ከረምኩ፤ አንድ ቀን እንኳ አልረበሹኝም» ብለው ሳቁ።

እሱ አልሳቀም። «አውቄ ነው ያደረግሁት» አለ።

እታገኝ የነጠላቸውን ጫፍ አስተካከሉ። «ማወቅህንማ አውቄያለሁ። የዚህ አገር ልጅ አይደለህ? በል ርክክቡን ፈርምልኝ፣ መኪናው እንዳያመልጠኝ።»

ፈረመላቸው። እስከ በሩ ሸኛቸው።

ተመልሶ ተቀመጠ። ረቡዕ አንደኛ ክፍለ ጊዜ ላይ «ኽምጥኛ» ብሎ ጻፈ። ሐሙስም አንደኛው ላይ ጻፈ። የመምህሩ ስም የሚገባበትን ቦታ ባዶ ተወው። የቀረችውን የዓርብ መስመር አሰመረ፣ የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመ፤ ወረቀቱን ጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠው።