ስም የማይጻፍበት ሩብ ሉክ

መምህርት ሙሉብርሃን ትምህርቷን የምትጨርሰው ሰዓቱ ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ጠመኔዋን ታስቀምጥና እጇን አራግፋ ለሠላሳ አራቱ ተማሪዎቿ ሩብ ሩብ ሉክ ወረቀት ታድላለች።

“ዛሬ ያልገባችሁን አንድ ነገር ጻፉ። ስም እንዳትጽፉ።”

ናዝሬት ጫፍ ላይ ባለው የእርሻ ኮሌጅ የአፈር ትምህርት ስታስተምር አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ላይ እሷም እንደ ሌላው መምህር የምትፈትነው ሰኔ ሲደርስ ብቻ ነበር። አንድ ሰኔ ግን መቶ ከመቶ ያመጣ ልጅ ይዛ ሜዳ ወጣችና ከሁለት ጉድጓድ የወጣ አፈር በሁለት እጁ አስጨብጣ፣ “የትኛው ነው ውሃ የሚይዘው?” ብትለው፣ ልጁ አፈሩን ጣል አድርጎ ደብተሩን መፈለግ ጀመረ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሰኔ ፈተና ብቻ ማመን ተወች። “ሰኔ ላይ የሚነገረኝ መርዶ ነው፤ ኅዳር ላይ ቢነገረኝ መድኃኒት እፈልግለት ነበር” ትላለች። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?

ሰው ግን በሽታውን ቶሎ አይገልጥም። ክፍሉ አዲስ በሆነ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወረቀቶች ሁሉ “ሁሉም ገብቶኛል” ይላሉ። እሷም ትታገሣለች። ምሳ ሰዓት ላይ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ታነብና በማግሥቱ ትምህርቷን ከእነሱ ትጀምራለች። አንዱ ያልገባው ነገር ሳይሳቅበት ሲመለስ ያየ ሌላው ይደፍራል።

በሰባ ስምንት ዓ.ም. ኅዳር እንዲህ የሚል ወረቀት ደረሳት፦ “የአምራች ማኅበሩን ማሳና የገበሬውን ጓሮ የሚለያቸው አጥር ብቻ ነው። አፈሩ አንድ ነው ብለውናል። ታዲያ የጓሮው በቆሎ ሰው ሲውጥ የማኅበሩ ከጉልበት የማያልፈው ለምንድን ነው? አልገባኝም።”

ሙሉብርሃን ደስ ብሏት ደግማ አነበበችው። ጽሕፈቱን ታውቀዋለች። የቡልቡላው ቀነዓ ነው፤ መስኮቱ ሥር የሚቀመጠውና ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ አንድም ቀን አፉን ያልከፈተው። “ተመስገን፣ ተናገረ” አለች በልቧ።

ደስታዋ አላደረም። ከጎኗ ምሳ ይበላ የነበረ ባልደረባዋ አጮልቆ አንብቦት ኖሯል። በማግሥቱ ጠዋት የኮሌጁ የፓርቲ ተጠሪ ጓድ ዘገዬ ወረቀቶቿን ይዛ እንድትመጣ አስጠራት። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ሰው ነው። ወረቀቱን ከመካከል መዝዞ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

“ምንድን ነው ይኼ?”

“ጥያቄ ነዋ።”

“ስም የሌለው ወረቀት በዚህ አገር ሌላ ስም እንዳለው አያውቁም?”

“እኔ ክፍል ስሙ ‘ያልገባኝ’ ነው።”

“ፈተና ነው እንዳይሉኝ ማርክ የለውም።”

“አለው እንጂ ጓድ ዘገዬ። ማርኩ የኔ ነው። ያስተማርኩት የት ደርሶ የት እንደቀረ የምፈተነው እኔ ነኝ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰሙም?”

“ደጃዝማችነትማ ቀርቷል!” አለ ፈገግ ሳይል።

“እሱ ይቅር። መናገሩ ግን ለምን ይቀራል?”

ጓድ ዘገዬ እስክሪብቶውን አነሣ። “ማን ነው የጻፈው?”

“አውቃለሁ፤ አልናገርም።”

ሰውየው ወደ በሩ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ምነው እትዬ! ‘አላውቅም’ ቢሉኝ እኮ ነገሩ እዚሁ ይቀር ነበር።”

“አላውቅም ብል ውሸት ነው። ጾም ይዣለሁ።”

ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። ድምፁም ወደ ቢሮ ድምፁ ተመለሰ። “እንግዲያው ይስሙኝ። ዛሬ ክፍል እገባለሁ። ሁሉም ስሙን ይጽፋል፣ ጽሕፈቱ ይመሳከራል፣ ልጁም ይለያል። እንቅፋት ከሆኑ ወደ ሠፈራ ጣቢያ ከሚሄዱት ጋር ስምዎን አስገባለሁ።”

ሙሉብርሃን እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰደች። ወረቀቱን ወደ ራሷ ስባ ከሥሩ “ሙሉብርሃን ገብረወልድ” ብላ ጻፈችበት።

“ስም ጎደለው ካሉ ይኸው ሞላሁት። ያስተማርኩት ካልገባው ጥያቄው የኔም ነው።”

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደገፈች። ሠፈራ ጣቢያ! አሮጊት እናቷ ከማን ጋር ይቀራሉ? ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበችና አማተበች፤ ወደ ክፍሏም ሄደች።

ጓድ ዘገዬ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ሙሉብርሃን ዞር ብላ የልጁን ጥያቄ “አልገባኝም” ከሚለው ጋር በትልልቅ ፊደል ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ቀነዓ አንገቱን ደፋ።

“ትናንት ከመጡልኝ ሁሉ የሚበልጠው ይኼ ነው። አፈሩ አንድ ነው ብዬ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ፤ አጉድያለሁ። አፈሩ አንድ ነበር። ጓሮው ላይ ከብት ያድርበታል፣ አመድ ይደፋበታል፣ ፍጉ እዚያው ይቀራል። ከማኅበሩ ማሳ ግን እህሉም ገለባውም ይወሰዳል። ማን ምን መለሰለት? የሚወሰድበት እንጂ የሚሰጠው የሌለ አፈር ይደክማል።”

“ቲቸር፣” አለ መርዳሳ፣ የክፍሉ ቀልደኛ፣ “ታዲያ ያን ሁሉ ፍግ እስከ ማኅበሩ ማሳ ማን ይሸከመዋል?”

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከኋላ ሳል ተሰማ።

“እሱ የአፈር ትምህርት አይደለም፤ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። ጻፈው” አለችው።

ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ወረቀቱን አደለች።

“ስም ይጻፍበት!” አለ ጓድ ዘገዬ ብድግ ብሎ።

“እዚህ ክፍል ስም አይጻፍም” አለች፤ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዳ አንድ ሩብ ሉክ ፊቱ አስቀመጠችለት። “እርስዎም ያልገባዎትን ይጻፉ።”

ተማሪዎቹ እሱንም እሷንም አዩ። ከዚያ ሁሉም አቀርቅረው መጻፍ ጀመሩ። ወረቀቶቹን ሰብስባ ጠረጴዛዋ ጋ ቆማ ስታገላብጥ አንዱ አራት ቦታ ታጥፎ አገኘችው። ገለጠችው። “የትናንቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በኔ ምክንያት እንዳይነኩብኝ። ቀነዓ።”

ዓይኗን ወደ መስኮቱ አልላከችም። ጓድ ዘገዬ መጥቶ አጠገቧ ቆሟል፤ እጁን ዘርግቷል።

“ያምጡት።”

ሙሉብርሃን ወረቀቱን ለሁለት ቀደደችው፤ ለአራት፣ ለስምንት፣ ጥፍር እስኪያህል። ብጥስጣሹን በጡጫዋ ጨበጠችው።

“ምን ይላል?” አለ ሰውየው፤ ጆሮው ቀልቷል።

“መልስ ነበር” አለች። “እኔ የጠየቅሁት ያልገባቸውን ነው።”

“ዕቃዎን ያሰናዱ!”

“አሰናዳለሁ። ሰዓቱ ግን አልሞላም፤ ሦስት ደቂቃ አለኝ።”

ጓድ ዘገዬ በሩን በርግዶ ወጣ። ሙሉብርሃን በግራ እጇ ብጥስጣሹን እንደጨበጠች በቀኟ ከላይ ያለውን ወረቀት አነሣች።

“ጥቁር አፈር በበጋ ለምን ይሰነጠቃል? አልገባኝም” ብላ አነበበች። “ይኼን ይዤ እጀምራለሁ። ደብተራችሁን ዝጉና ስሙኝ።”