በሶሲ ምስል ሥር

«እነዚህ ሁሉ በፎቶው ሥር የጻፉት እነማን ናቸው፣ ጋሽ ሣህሌ?» አለች ማዕረግ፣ ጣቷን በስልኩ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች እያንሸራተተች።

ሣህሌ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ። በዚህ ሁሉ መከራ ውስጥ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነበር።

«የዕድራችን ሰዎች ናቸው። አንድም የቀረ የለም። ስልክ የሌለው እንኳ በልጁ ስልክ አስጽፏል።»

ማዕረግ ስልኩን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጠበቃ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ቦንጋ የመጣችው ታላላቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በገጾቻቸው ላይ በሰው ለሚደርሰው ጉዳት በሕግ ይጠየቁ ብሎ የሚሟገት ማኅበር ልኳት ነው። በመናኸሪያው አጠገብ ባለ ሆቴል አንዲት ክፍል ይዛ የተጎጂዎችን ቃል ትቀበላለች። ሣህሌ ፊቷን አይቶ፣ ደስ የማይል ነገር ሊሰማ እንደሆነ አወቀ።

ነገሩ የተጀመረው በሺሺንዳ ገበያ ነበር። የሣህሌ ልጅ ሶሲ የእኅቷን ሁለት ሕፃናት በግራና በቀኝ ይዛ ሙዝ ስትገዛ፣ ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ሰው ፎቶ አነሣት። ፎቶውን በማኅበራዊ መገናኛ ለጠፈና ከሥሩ በካፋ ሕዝብ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ይህች ሴት ሕፃናት እየሰረቀች የምትሸጥ ናትና ያገኛት ሁሉ እንዳያልፋት፣ ብሎ ጻፈበት። ሶሲ ይህን ሳታውቅ ወደዚያው ገበያ ተመለሰች። ገና ከሚኒባሱ ስትወርድ ከበቧት። ፖሊስ ደርሶ ባያስጥላት ኖሮ ሬሳዋ ነበር የሚመጣው፤ ክንዷ ተሰብሮ ተረፈች። ፖሊስ ሕፃናቱ የእኅቷ ልጆች መሆናቸውን አጣርቶ በአደባባይ ተናገረ፤ ፎቶው ግን ከነጽሑፉ እዚያው ቀረ። ሶሲም ከቦንጋ ርቃ ደካ፣ አክስቷ ቤት ገብታ ትምህርቷን አቋረጠች። ፎቶው እስካልወረደ ድረስ ወደ ቦንጋ የሚመጣ መኪና ላይ አልወጣም አለች።

ሣህሌ ለኩባንያው አቤት ብሎ ነበር። መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ፦ «ጥቆማዎን መርምረናል። ጽሑፉ የማኅበረሰባችንን ደንብ ስለማይጥስ አልተነሣም።» ሣህሌ ይህን መልስ በቃሉ ያውቀዋል። አንጀቱን የሚያሳርረው ደንቡ ሳይሆን «ማኅበረሰባችን» የምትለው ቃል ነበረች። ካፊኖኖ አንብቦ የሚረዳ አንድ ሰው በመካከሉ የሌለበት፣ ይህ ማኅበረሰብ የማን ነው?

ኩባንያው ፊቱን ሲያዞርበት ወደ ዕድሩ ሄደ። ዳኛው ጋሽ ሀብተሥላሴ ነገሩን አዳምጠው፣ ስሟ የተገደለባት ልጅ ቤት ከለቅሶ ቤት አይለይም ሲሉ ፈረዱ፤ ሁሉም በፎቶው ሥር ማጽናኛ እንዲጽፍም ጡሩምባ አስነፉ። በለቅሶ ደንብ የቀረ ይቀጣልና ማንም አልቀረም። ሰዉ ድንኳን ወደሌለበት ለቅሶ ጎረፈ። አንዱ «አይዞሽ የእኛ ልጅ» ብሎ ጻፈ፤ ሌላው ለጣፊውን ረገመ፤ ዓለም ግፉን ይይ ብሎ ፎቶውን ለዘመድ ለወዳጁ ያዳረሰውም ብዙ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የጻፈው ግን ራሱ ሣህሌ ነበር፦ «ይህች ልጄ ናት። ሌባ አይደለችም። አባቷ ሣህሌ።»

«ልወቅስዎ ብዬ አይደለም፣ ጋሽ ሣህሌ፤» አለች ማዕረግ። «የኩባንያው መሣሪያ የሚቆጥረው የእንግዳውን ብዛት ነው እንጂ የመጣበትን ጉዳይ አይደለም። የሚሳደበውም የሚያጽናናውም ለእሱ አንድ ነው። ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ነገሩ ተወዷል ብሎ ላላየው ሁሉ ያሳያል። መጀመሪያ ያየው የሺሺንዳ ሰው ነበር። ከዕድርዎ በኋላ ጅማም ሚዛንም ደርሷል።»

ሣህሌ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። በልጁ ምስል ሥር፣ በሁለት የማጽናኛ ቃላት መካከል፣ የአልጋ ልብስ ማስታወቂያ ገብቷል።

«ለዚህ ይከፈላቸዋል?»

«ይከፈላቸዋል። ሰዉ በቆየ ቁጥር።»

«በለቅሶ ቤት ደጃፍ ሱቅ ከፍተዋል በይኛ።»

ማዕረግ የምትፈልገውን አልሸሸገችውም። ማኅበሯ የሚጠይቀው፣ ኩባንያዎቹ በሚነግዱበት አገር ቋንቋ የሚያነብ ሰው እንዲያስቀምጡ፣ የሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲነገራቸው ፈጥነው እንዲያነሡ፣ ካላነሡም እንዲክሱ የሚያስገድድ ሕግ ነው። የሶሲ ጉዳይ ማስረጃ ይሆናል። ሆኖም የኩባንያው ጠበቆች፣ ያዛመታችሁት ራሳችሁ ናችሁ ማለታቸው አይቀርም፤ ስለዚህ የዕድሩ ሥራ ከነስሙ አስቀድሞ በሣህሌ የምስክርነት ቃል ውስጥ መግባት አለበት። ደግሞም ሰዎቹ የጻፉትን ቢያጠፉ ነገሩ ይቀዘቅዝ ይሆናል። ይሆናል አለች እንጂ በእርግጥ ይቀዘቅዛል ብላ አልማለችም።

ሣህሌ ወደ ጋሽ ሀብተሥላሴ ቤት ወጣ። ሽማግሌው ዝናብ ያበሰበሰውን የዕድር ድንኳን በአጥሩ ላይ አስጥተው፣ የተቀደደ ቦታ እየፈለጉ ነበር። ድንኳኑን ከወዲያ ጫፍ ይዞላቸው ሁሉንም ነገራቸው። ሰዎቹ የጻፉትን እንዲያጠፉ ይዘዙልኝ አላቸው።

«ለቅሶ የደረሰ ሰው ለቅሶህን መልስ ይባላል?» አሉት በመጨረሻ። «የት አገር አይተሃል?»

«የት አገርም አላየሁም፣ ጋሽ ሀብቴ።»

«ሰዉ ሥራ ፈትቶ አለቀሰልህ። አሁን ዞረህ ልጄን የጎዳችሁ እናንተ ናችሁ ልትለው ነው።»

«ቀፎውን መንገድ ዳር የሰቀለ ሰው፣ ንቡ አላፊ አግዳሚውን ሲነድፍ እርስዎ ራስዎ ፈርደውበታል። የነደፈው ንቡ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ሲል ሰምተውት አያውቁም? የኩባንያው ሰዎችም ማምለጫ ይኸው ነው። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ካልተናገርን ያመልጣሉ።»

«እና እኛ ንቦቹ ነን በለኛ።»

«እኔም አለሁበት። የመጀመሪያው እኔ ነኝ።»

ጋሽ ሀብተሥላሴ ድንኳኑን ከእጁ ሳብ አድርገው ወሰዱ። «የዕድሩ ስም በዚያ ወረቀት ላይ ከወጣ፣» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «የሞት ቀን ሲመጣ ጡሩምባው በደጅህ እንዳይነፋ የምከለክል እኔ አይደለሁም። ሰዉ ራሱ ለቅሶህን ሳይደርስ ይቀራል።»

ሣህሌ ቁልቁለቱን ወርዶ ወደ ሆቴሉ ተመለሰ። ማዕረግ ፊቱን አይታ፣ የዕድሩን ስም ልተወው ወይ ብላ ጠየቀችው። የጎደለ ምስክርነት ምን ይሆናል ቢላት፣ ይጥሉታል አለችው። ሙሉ ቢሆንስ ቢላት፣ ዓመታት ይፈጅ ይሆናል፤ ኩባንያውም መቀመጫዬ ውጭ አገር ነው፣ የእናንተ ፍርድ ቤት አያዘኝም ሊል ይችላል አለችው።

«ጻፊው፤» አለ ሣህሌ፤ ፈረመም።

ሊወጣ ሲል እያመነታች አንድ ነገር ጨመረች። ከላይ ተቀምጦ መልስ የሚጎርፍለት የእሱ ቃል ነው። አዲስ መልስ በመጣ ቁጥር ፎቶው እንደገና ለአዲስ ሰው ይታያል። ለማስረጃ የሚያስፈልገውን እሷ ቀድታ አስቀምጣለች፤ የሌሎቹን ማስጠፋት ባይችል የራሱን ማጥፋት ይችላል።

ሣህሌ ማር ወደሚነግድበት መደብሩ ገብቶ በበርሜሎቹ መካከል ተቀመጠና ወደ ደካ ደወለ። የራሱን ቃል ሊያጠፋ እንደሆነ ለሶሲ ነገራት።

«አባባ፣ እኔም እኮ ጠዋት ጠዋት እከፍተዋለሁ።»

«አንቺ ደግሞ ለምን ብለሽ?»

«ያንተን ላነብ። ከላይ ያለው ያንተ ነው፤ ሌላውን ሳላይ እዘጋዋለሁ።»

ሣህሌ ከእንግዲህ እንዳትከፍተው ነገራት፤ ልጄ ነሽ የሚለውን በየጠዋቱ ራሱ ደውሎ ሊነግራት ቃል ገባላት።

«እዚያስ ብቻዬን ልትተወኝ ነው?» አለች።

«ሌላ መንገድ አጣሁልሽ፣ ልጄ።»

ስልኩን ከዘጋ በኋላ ገጹን ከፈተ። ሶሲ ሕፃናቱን በግራና በቀኝ ይዛ ሙዙን እያየች ትስቃለች። የራሱን ቃል አግኝቶ ጣቱን አሳረፈበት። ስልኩም በጠራ አማርኛ፣ በአክብሮት ጠየቀው፦ «ይህን አስተያየት በእርግጥ ማጥፋት ይፈልጋሉ?»

ሣህሌ ጥያቄውን ደግሞ ደጋግሞ አነበበው። ልጁን ሌባ ናት ብሎ የጻፈውን ሰው፣ በእርግጥ መለጠፍ ይፈልጋሉ ወይ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

«አዎ» የሚለውን ነካ። «ይህች ልጄ ናት» የሚለው ቃል ጠፋ፤ ከሥሩ የነበረው የአልጋ ልብስ ማስታወቂያ ከፍ ብሎ ቦታውን ያዘ።