አማቴ የቆፈሩት ምሽግ

አማቴ ከጨዋታው ጠረጴዛ አኩርፈው ከተነሡ ወዲህ ቤቱ ጠቦናል። ጡረታ የወጡ መድፈኛ ናቸው። እሑድ ከሰዓት ወደ ጎረቤታችን ወደ ፀጉር አስተካካዩ ጓሮ ይሄዱና፣ ጠረጴዛ ላይ አሸዋ አፍስሰው፣ ከእንጨት የተጠረቡ ወታደሮችና መድፎች ደርድረው፣ ዳይስ እየጣሉ ከእሱ ጋር ይዋጉ ነበር። በመጨረሻው ጦርነት አማቴ መድፎቻቸውን አሸዋው ውስጥ ቆፍረው ቢያስገቧቸውም፣ ፀጉር አስተካካዩ ሜዳ ላይ እንደቆሙ ቆጥሮ አንድ በአንድ ለቀማቸው።

«ደንባችን ምሽግ አያውቅም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ጦርነትም አያውቅም» አሉና ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ከኩሽና አይጠፉም። ባለቤታቸው እማማ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ድስት በከደንኩ ቁጥር ይከፍታል፣ ጨው በጨመርኩ ቁጥር ይመክራል። ወይ ወደ ጠረጴዛው መልስልኝ፣ ወይ እኔ ልሂድ።»

በሆዴ ጸለይኩና ሁለቱንም ለየብቻ አዳመጥኳቸው። ሁለቱም መታረቅ ይፈልጋሉ፤ ቀድሞ የሚሸነፍ ግን ጠፋ። «በቃ፣ ነገሩ እኛ ግቢ ይፈተን» አልኩ። የእጅ ጋሪያችን መድፍ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ የሚያለብሰውን ነጭ ጨርቅ አለበሰው። ጥይቱ በባልዲ የተቦካ ጭቃ ነው።

መጀመሪያ ጋሪው ሜዳ ላይ ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ ወረወረ፤ ሳተ። ጭቃው ግን አጠገቡ ወድቆ ሲፈነዳ ነጩ ጨርቅ ዥጉርጉር ሆነ።

«አየህ?» አሉ አማቴ። «ሰውንም መድፍንም የሚፈጀው ይኸው ፍንጣሪው ነው። ጉድጓድ ውስጥ ከሆንክ፣ አናትህ ላይ ካልወደቀ በቀር፣ በላይህ ያልፋል።»

አካፋ አንሥተው መቆፈር ጀመሩ። ልርዳዎት ብላቸው ገላመጡኝ። አፈሩን ከፊት ከመሩት፣ ጋሪውን አወረድነው፣ ጨርቁንም በንጹሕ በኩል ገልብጠን አለበስነው። ፀጉር አስተካካዩ ክንዱ እስኪዝል ወረወረ። አንዱ ፍንጣሪ ክምሩ ላይ ቀረ፣ ሌላው በላይ አለፈ። አማቴ ወጣት መሰሉ።

ፀጉር አስተካካዩ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደና፣ ከጋሪው ኋላ ተንበርክኮ ወደ ፊት አየ።

«ጋሼ፣ ይሄ መድፍ የሚተኩሰው ማን ላይ ነው? ትሎቹ ላይ?»

ለካ ከመጠን በላይ አጥልቀውታል፤ ከመድፉ ፊት የሚታየው አፈር ብቻ ነው። ደነገጥኩ። አሁን ካኮረፉ የሚመልሳቸው የለም። አማቴ እሱንም ጉድጓዱንም አዩ፤ ከዚያ አካፋው ላይ ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«መጀመሪያ የተተኮሰብኝ ዕለትም እንዲሁ አድርጌ ነበር። አዛዣችን ከላይ ቆሞ፣ ‹ውሃ ስታገኝ ጥራኝ› አለኝ።»

እዚያው አፋፉ ላይ ተቀምጠው ደንቡን አረሙ። የተመሸገ መድፍ በቀጥታ ካልተመታ አይሞትም፤ ግን ሲቆፍር አንድ ተራ ያልፈዋል፣ የሚተኩሰውም በተቆፈረበት አቅጣጫ ብቻ ነው።

«ይሄስ ፍርድ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «በጀርባ እመጣልዎታለሁ።»

«ና እስቲ፣ አንተ ምላጭ።»

እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ተያይዘው ወጡ። እስኪመሽ ሲሰዳደቡ በአጥሩ በኩል ይሰማን ነበር። እማማና እኔ ተያየንና፣ ተመስገን አልን።